ሳይደርስ የደረሰ

ደምበጫ፣ የሐምሌ ንጋት፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤
የአይሱዙው መብራት በአጥሬ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል።
ነጋዴው፣ ስሙ ቢተው ነው፤ ያየውን ግን አይተውም፤
ከጋቢናው ሲወርድ እንኳ «እንዴት አደርሽ» አያውቅም።
«ኮኩን አውርጂው» አለኝ፣ «ጥሬውን፣ ድንጋይ ድንጋዩን፣
ጉድጓድ ቢያነጥረው በሳጥን የማይሰማውን ሕመሙን።
መንገዱ ያበስለዋል፣ በጭድ ውስጥ ተኝቶ፤
አዲስ አበባ ስደርስ እሱም ይደርሳል ቀልቶ።»

መኪናህ ደርሷል፣ አልኩት፤ ኮኬ ግን አልደረሰም።
አንድ ቃል ናቸው ለጆሮ፤ ለምላስ አንድ አይደሉም።

ና ግባ፤ ጓዳው ጨለማ ነው፣ ራስህን ዝቅ አድርገህ፤
ከሰፌዱ ላይ አንሳና ግመጥ፣ ቀለሙን አምነህ።
ይኼን የአቦ ለታ ቀጠፍኩት፣ እንደ ቅጠሉ ሳለ፤
ይኸው ፊቱ ብጫ ሆነ፤ ለዓይን የበሰለ መሰለ።

ገመጠ።
አኘከ፣ አኘከ፣ ወደ በሩ ዞሮ ተፋው።
«እርጥብ ጥጥ ነው!» ይላል፤ «ውሃውን ማን ጠጣው?»
ማንም አልጠጣው፤ ማሩ ከቅጠል ሊወርድ ሲል ነው የቀጠፍኩት፤
ጓዳ ይጠብቃል እንጂ፣ ጓዳ አያጠባም እንደ እናት።

ያኛውን ተወው፣ አትንካው፤ እሱ የኔ ስስት ነው፤
ዛፉ ላይ ይጥገብ ብዬ፣ ልውደቅ እስኪል የተውኩት ነው።
አንድ ቀን ቤቱ ሸተተ፣ መንገደኛ ዞሮ አየ፤
በማግስቱ ጠቆረ፤
በሦስተኛው ጠጅ ጠጅ አለ፣ ከንብ ጋር ዋለ፣ አልቆየ።

መካከሉ ቀጭን ነው። አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት፤
አረንጓዴው ከእጀታው ሥር ወደ ቅቤ ሲል የሄደ ዕለት፣
አውራ ጣት ሲጫነው እንደ ጆሮ ጫፍ እሺ ብሎ ሲመለስ፣
በጠዋት፣ ጤዛው ደርቆ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፤
ያኔ የወረደ ኮክ
ዐሥር ቀን ቢተኛ እንኳ አይለቀውም የዛፉ ሽታ።

ይኼን ያሳየኝ አባቴ ነው፤ እንየው ነበር ስሙ።
አንዲት ፍሬ ሳይዳስስ አይቀጥፍም፤
ከመሰላሉ ጫፍ ሆኖ፣ ለምሳ ቢጠሩት እንኳ፣
«እስቲ እንየው፣ እስቲ እንየው» ሲል ነው የሚመሽ ቀኑ።
ያ ሰው፣
እኔ ዐሥራ ሦስት ሳይሞላኝ
ሽማግሎች በሩ ላይ ቆመው
«ልጅህ ደርሳለች» ሲሉት
«ደርሳለች» አለ።

አላየኝም።
እንየው አላየኝም።

በሰው ጓዳ ውስጥ ቀላሁ፤ ቁመት ጨመርኩ፤ ወለድኩ፤
ለዓይንማ ሙሉ ነበርኩ።
ገምጦ የተፋኝ የለም፣
ምን እንደ ቀረኝ የነገረኝም የለም።

ይኼን ለቢተው አልነገርኩትም።
ያልኩት፣ «ዓርብ ና» ብቻ ነው።
ስለ ነዳጅ አወራ፣ ስለ ብድሩ ወለድ፣ ስለ ጎማ፤
«ቡሬ ላይ እሺ የሚል ሞልቷል!» ብሎ ሞተሩን ቀሰቀሰ፣
ጭቃውን አጥሬ ላይ ረጭቶ ወደ ቡሬ ገሰገሰ።

ልጄ አዝመራ የስምንተኛ ክፍል ውጤቷን ትጠብቃለች።
(ባለፈው ጥር ሽማግሌ መጥቶላት ነበር፤ ውሻውን ፈታሁለት።)
አሁን ከመሰላሉ ላይ ሆና፣
አውራ ጣቷን ፍሬው ትከሻ ላይ አሳርፋ፣
«እማዬ፣ ይኼስ? ደርሷል?» ትለኛለች።
ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ፤ አንድ እርከን፣ ሁለት እርከን፣
ጉልበቴ እየተንቋቋ፤
«ቆይ፣ አትቅጠፊው» አልኳት፤
«እስቲ እንየው።»